በአየር የአንድ ሰዓት መንገድ

ለምወድሽ እህቴ ለዘነቡ፣

እንደምን ሰነበትሽ? የእናታችን ጉልበት እንዴት ሆነ? ታናሻችን አሳምነውስ ያ ሳሉ ለቀቀው? እኔና ባለቤቴ ኣስመረት ከሐሳብ በቀር ሌላ ሕመም የለብንም፤ አምላክ ይመስገን።

ትናንት በስልክ ልጄን ኤፍራታን ቶሎ ላኪልኝ ስልሽ ሳቅሽብኝ። ለፋሲካ መጥታ ኩፍኝ ያስቀራት ልጅ፣ አሁን ከዳነች በኋላ የአያቷ ሙት ዓመት ሳይወጣ እንዴት ትሄዳለች፣ የአንድ ሰዓት በረራ ምን ያስቸኩላል አልሽኝ። ስልክ ቤቱ ውስጥ ከኋላዬ ተራ የሚጠብቁ ሰዎች በአማርኛዬ ዞር ብለው ስላዩኝ መልስ አልሰጠሁሽም። መልሱን ነገ ወደ ጎንደር በሚበረው በቀድሞ ተማሪዬ በፍቅረየሱስ እጅ ልኬልሻለሁ።

አንድ ሰዓት ያልሽው ልክ ነው። በካርታ ላይ በማስመሪያ ብትለኪው ከአስመራ ጎንደር ሦስት መቶ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አውሮፕላኑ አክሱም ካረፈ ጥቂት ይጨምራል። አምና የአባታችንን መርዶ ጧት ሰምቼ ከቀትር በኋላ ለቀብሩ ደርሻለሁ። ከዚያ ወዲህ ሁላችንም አስመራን እንደ ጎረቤት ቆጠርናት። እህቴ፣ ኪሎ ሜትሩ ዛሬም ያው ነው። ሰዓቱ ግን የሚቆጠረው አውሮፕላኑ ሲነሣ ነው።

ሰኞ ለሙት ዓመቱ ልመጣ ብዬ ዋናው ጎዳና ኮምቢሽታቶ ላይ ወዳለው ትኬት ቤት ሄጄ ነበር። የሚሸጠው ሊባኖስ ነው፤ እሱም አስተምሬዋለሁ። ሌላ ጊዜ፣ በጂኦግራፊ የጣሉትን ሰው ለምነው ነው የሚበሩት እያለ ይቀልድብኛል። ሰኞ አልቀለደም። ደርሶ መልስ ብለው በሩን አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «መምህር፣ መሄጃውን ልሽጥልዎት። መመለሻውን ግን አይጠይቁኝ» አለኝ። ከዚያ ሳልጠይቀው የኤፍራታን ትኬት ወደ ዓርብ አዛወረውና፣ ይህች እንዳታልፋት አለ።

ስለ ድንበሩ ግጭት የምትሰሙትን እኛም እንሰማለን። በሰፈራችን በማይ ጭሆት በኩል ወጣቶች የጫኑ መኪኖች ያልፋሉ፤ የት እንደሚሄዱ የሚጠይቅ የለም። ኣስመረት ከደጅ ስንወጣ በትግርኛ ብቻ አውራኝ ብላኛለች።

ስለዚህ እናታችንን አንቺ አሳምኚልኝ። የልጅ ልጅ ተዝካር ጥሎ እንደማይሄድ አውቃለሁ፤ ነውሩ በእኔ ይሁን። የኤፍራታን ድርሻ እዚህ ማርያም ደጅ ለነዳያን አበላላታለሁ። ዓርብ ጧት በጊዜ አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ አድርሻት፤ አውሮፕላኑ ተነሥቶ ከዓይንሽ ሳይሰወርም ወደ ቤት አትመለሺ።

በረራ የለም ካሉሽ ግን፣ በሁመራ በኩል በመኪና እሰዳታለሁ እንዳትይ። ከአንቺ ጋር ትቆይ። ከልጅሽ ከሚጡ ጋር ትምህርት ቤት አስገቢያት። ጨለማ ስለምትፈራ ብቻዋን አታስተኛት። ይህን ስጽፍ ኣስመረት አጠገቤ ተቀምጣለች፤ እሷም ተስማምታለች፤ ግን አንብብልኝ አላለችም።

የእናታችንን ጉልበት ሳሚልኝ። አሳምነውን፣ ራስህን ጠብቅ ብሎሃል በይልኝ። ሚጡን ሁለቱንም ጉንጯን። ኣስመረት ሁላችሁንም በስም በስማችሁ ሰላም ብላለች። ለኤፍራታ ሰላምታ አልጽፍም፤ ዓርብ ከአውሮፕላኑ ስትወርድ እኔው እስማታለሁ።

ወንድምሽ ጋሻው
አስመራ፣ ማይ ጭሆት
ግንቦት 5 ቀን 1990 ዓ.ም.