ቤቴን ያዢልኝ ብላኝ ነበር

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11፣ ከሰዓት 10 ሰዓት

መስኮቱን ወልውዬ ጨርሻለሁ። ምንጣፉ በረንዳ ላይ ተሰጥቷል፤ እስኪደርቅ ወጥ ቤት ቁጭ ብያለሁ። ደብተሬ፣ የጁበይሃ ሰፈሯ ዓረብ ማዳም ልጅ ሊን ዛሬ ጉድ አመጣችብኝ። ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። ስለ ሰው አብሮ አኗኗር የሚያስተምር ት/ት ነው፣ ሶሲዮሎጂ ይሉታል። አንድ ሰው ጠይቃችሁ ጻፉ ተብለው እኔን መረጠች። ያ ሁሉ ዘመድ እያላት! ኻልቲ ነው የምትለኝ፣ አክስቴ እንደ ማለት።

ሰው በኑሮ ውስጥ ያለው ቦታ አለ፣ በዚያ ቦታ የሚጠበቅበት ደግሞ ሚናው ነው ብላ አስረዳችኝ። ሳቄ መጣ። ይኼን ለማወቅ ነው በየጠዋቱ አውቶቡስ የምትጋፊው? አልኳት። እሷም ሳቀች። እዚህ ጽዳት ሠራተኛ፣ አገር ቤት የሦስት ልጆች እናት፣ ማኅበር ላይ ወጥ ቀማሽ ነኝ አልኳት። ወጥ ቀማሽ ያልኩትን ሳይቀር ጻፈችው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15፣ ማታ 1 ሰዓት

ምነው ዝም ባልኩ።

ዛሬ ደግሞ ሳይጻፍ ሁሉም የሚያከብረው ሕግ አላችሁ ወይ አለችኝ። አለን እንጂ! ደረቴን ነፋሁ። እኛ ተመላላሾች፣ አንዷ ስትታመም የምትሠራበትን ቤት ለጓደኛዋ ትሰጣለች። ቤቴን ያዢልኝ ትላታለች። ወረቀት የለ፣ ምስክር የለ። ስትድን ያቺ ትመልስላታለች። ማዳሟ ብትወዳትም ትመልሳለች።

ካልመለሰችስ? አለች ሊን። ማንም አይሰድባት፣ ማንም አይመታት አልኳት። ስልክ አይደወልላትም፣ በቃ። ብትታመም ሾርባ ይዞ የሚመጣ የለም። ማኅበር ላይ አጠገቧ ያለው ወንበር ባዶ ነው። ቅጣት ማለት ይኸው ነው ብላ ደስ አላት። እንዲህ ያደረገች ታውቂያለሽ? አለችኝ።

አላውቅም አልኩ። በዚያው ቤት ወለል ላይ ቆሜ።

ስሚኝ እንግዲህ ደብተሬ፣ ላንቺም እስከ ዛሬ አልጻፍኩልሽም። ይኼ የማዳም ቤት የጓደኛዬ የጥሩነሽ ነው። ነሐሴ ላይ ለሐሞት ጠጠር ኦፕራሲዮን ስትገባ ለኔ ሰጠችኝ። ለመስቀል ድና ተነሳች። ማዳም ‘ጥሩነሽ እንዴት ሆነች?’ ስትለኝ፣ ገና ናት፣ ባልዲ እንኳ አታነሳም አልኩ። ለጥሩነሽ ደግሞ፣ ማዳም እኔን ነው የምትፈልገው አልኳት። በአንድ አፍ ሁለት ውሸት። የኻልዳ ሰፈር አሠሪዎቼ ቤታቸውን ዘግተው ከአገር ወጡ፤ ሌላ ቤት አልነበረኝም። ምክንያት ነው? ምክንያት ነው። ግን የሷም ሌሎች ቤቶች ተኝታ ሳለች በሌላ ሰው ተይዘዋል።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

ማዳም ከመንደራቸው የመጣ አዲስ የወይራ ዘይት አንድ ጠርሙስ ሰጠችኝ። ለዚያች ለታመመችው አድርሺላት፣ ሚስኪን አለችኝ። ጥሩነሽ ዘይቱን ብታይ ማዳም እንዳልጠላቻት ታውቃለች። አላደረስኩም። አልጋዬ ሥር ነው።

ሊን ደግሞ አትተወኝም። ሕጉ ከልጅነት ጀምሮ ሰው ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል ትላለች፤ ስለዚህ ፖሊስ ባይኖርም ሰው ራሱን ይጠብቃል። ራሴን አመመኝ አልኳት። ሻይ በናዕናዕ አፍልታ አመጣችልኝ። እንዲያውም ባሰኝ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 21፣ ማርያም

ማኅበር ነበር። ጥሩነሽ መጣች፣ ከስታለች፣ ነጠላው ውጧታል። ሁሉም እየተነሳ ሳማት። አንዷ ተንኮለኛ፣ እና ቤትሽ እንዲያው ቀረ? ብላ እኔን በዓይኗ ወጋችኝ። ጥሩነሽ ቀደመችኝ።

"ተይ እባክሽ! ማዳሟ ናት እንጂ እሷ ምን ታድርግ? ለባዳ ከሚሆን ለእህቴ ይሁን።"

ወለሉ ተሰንጥቆ በዋጠኝ።

የሚቀጥለው ወር ተረኛ እኔ ነኝ፤ ጽዋውን የምቀበለው እኔ። የማኅበሩ መሪ እትዬ አልማዝ እንደ ሁልጊዜው፣ የተቀያየመ፣ ወንድም እህቱን የበደለ ካለ ሳይታረቅ እንዳይነካ አለች። ሁሉም እኔን ያያል። ጽዋውን ዘረጋችልኝ። እጄ አልሄደም። ሆዴን አመመኝ አልኩ። እትዬ አልማዝ ትክ ብላ አየችኝ። ጽዋውን ጠረጴዛ ላይ አኖረችውና፣ እንግዲህ ሲሻልሽ አለች። ጥሩነሽ እስከ ታክሲ ደግፋ ሸኘችኝ። እሷ! በኦፕራሲዮን ጎኗ!

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22፣ ከሰዓት 11 ሰዓት

ለማዳም ነገርኳት። ቅዳሴ እንዳመለጠው ሰው እየተጣደፍኩ፣ ዓረብኛዬ ሁሉ ተምታታብኝ። መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ፣ ወር ሙሉ ቤቴ ገብተሽ ስትወጪ እንዴት ዋሸሽኝ? ሀራም አይደለም? ማክሰኞ ጥሩነሽ ትምጣ፣ አንቺ ግን ቁልፉን አስቀምጪ አለች። አስቀመጥኩ። ሊን በር ላይ ቆማ ሰምታለች። እስክሪብቶ አልያዘችም። ኻልቲ ብላ ጀመረች፣ አልጨረሰችውም።

አሁን ጥሩነሽ ያለችበት ሕንፃ ደረጃ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፈው። ድምጿ ይሰማኛል፣ ከውስጥ አብረዋት ከሚኖሩት ልጆች ጋር ትስቃለች። ማዳም ትጠብቅሻለች የሚለውን ላስቀድም ወይስ ዋሽቼሻለሁ የሚለውን? የመጀመሪያውን ካስቀደምኩ እልል ብላ ታቅፈኛለች፤ ከታቀፍኩ በኋላ ሁለተኛውን አልናገርም፣ ራሴን አውቀዋለሁ።

ዋሽቼሻለሁ ይቀድማል። በሩ ላይ፣ ሳልገባ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ።

ላንኳኳ ነው።