የእናታችን ሃያ ሦስት ነጭ ፎቶዎች

ለምወድህና ለማከብርህ ታላቅ ወንድሜ ለአካ ሲያቩሽ፦

እንዴት ሰንብተሃል? ወገብህን የሚጠዘጥዝህ ነገር ተወህ ወይስ አሁንም በሰው አገር ሲሚንቶ ትሸከማለህ? ሳፊያ እንዴት ናት? ልጆቹስ አድገዋል? እኔ በአካሌ ደህና ነኝ፤ እበላለሁ፣ እሠራለሁ። ስለ ልቤ ግን አትጠይቀኝ።

በደወልክ ቁጥር «ያን የእናታችንን ፎቶ ላኪልኝ እንጂ» ትለኛለህ፤ እኔም «ነገ» እያልኩ አርባዋ አለፈ። «እንዴት ወጣች?» ስትለኝ «አምሮባታል» አልኩህ። ዋሸሁህ፣ አካ። በስልክ ልነግርህ ጀምሬ ወሬ ለወጥኩ፤ ስለዚህ ጻፍኩልህ።

ከበረዶው ወራት ጀምሮ የሠርግ ፎቶ አንሺው ኡስቶ ናዚርጆን ዘንድ ትልቁን ካሜራ እየተማርኩ እንደሆነ ታውቃለህ። የሌንሱን ዓይን ማስፋትና ማጥበብ፣ ብርሃን የሚያስገባውን መዝጊያ ማፍጠንና ማዘግየት፣ አይኤስኦ የሚሉትን ብርሃን የመሳብ አቅም ከፍ ዝቅ ማድረግ፣ ሁሉንም በእጄ አስለመደኝ። «ካሜራ እንደ አማት ነው፤ ትናንት የነገርሽውን ዛሬም አይረሳልሽም። ከማንሳትሽ በፊት ቁጥሮቹን አንብቢ» ይለኝ ነበር። እኔም እስቅ ነበር።

እናታችንን ላነሳት ዋዜማ፣ ቅዳሜ፣ ጨለም ባለ አዳራሽ ውስጥ ሠርግ አነሳሁ። ብርሃን ስላነሰኝ አይኤስኦውን እስከ ጥግ ሰቀልኩት፣ መዝጊያውንም አዘገየሁት። ካርዱ ሊሞላ ሲል ካሜራው ያየውን ሁሉ የሚይዘውን ጥሬ ፋይል ትቼ ትንሹን ፎቶ ብቻ እንዲያስቀር አደረግሁ። ባትሪ እንዲቆጥብልኝ ደግሞ ያነሳሁትን መልሶ እንዳያሳየኝ ዘጋሁት።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ እናታችን ባለ ቀለሙን የአትላስ ሐር ቀሚሷን ለብሳ ከአፕሪኮቱ ፍሬ ማስጫ አጠገብ ፀሐይ ላይ ቁጭ አለች። አባታችን ከሞተ ወዲህ ካሜራ ፊት ቀርባ አታውቅም፤ ላንተ ብላ ነው። «አንገትሽን ቀና በይ» ስላት «እኔን ከምታቀኚ ካሜራሽን አቅኚ! ለልጄ ነው የምላከው፤ እንደ ፓስፖርት እንዳታደርቂኝ» ብላ ሳቀች። በማያው ቀዳዳ በኩል ጥርት ብላ ትታየኝ ነበር። ያ ቀዳዳ የሚያሳየው ዓይኔ የሚያየውን እንጂ ካሜራው የሚይዘውን አይደለም። ይህንን ተምሬዋለሁ፤ አውቀው ነበር። ቁጥሮቹን ግን አላነበብኩም። ሃያ ሦስት ጊዜ አነሳኋት።

ማክሰኞ ማለዳ ልቧ ቆመ። ፎቶዎቹን የከፈትኳቸው ከቀብር በኋላ ነው። ሁሉም ነጭ ናቸው፣ አካ። ነጭ ወረቀት፤ ለጨለማው አዳራሽ ያስተካከልኩት ቁጥር እንዳለ ስለነበር የቀትሩ ፀሐይ ፊቷን በላው።

መምህሬ ኡስቶ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ተጎልቶ ሞከረልኝ። ጥሬው ፋይል ቢኖር ኖሮ ምናልባት ጥቂት ነገር ይተርፍ ነበር። «ልጄ፣ ከባዶ ፊት አይወጣም» አለኝ፤ አልተቆጣኝም። ምነው በተቆጣኝና በሰደበኝ! ከአንዱ ፎቶ ጥላ ያረፈበት ቀኝ እጇ ብቻ ተረፈ። እሱን አትሜ ከደብዳቤው ጋር ልኬልሃለሁ፤ ሌላ የለኝም።

አሁንም ሠርግ አነሳለሁ። ቁጥሮቹን አሥር ጊዜ አነባለሁ። የሰው እናት ሽፋሽፍቷ ሳይቀር ጥርት ብሎ ይወጣልኛል፤ ሰዎቹ እጄን ይመርቃሉ፣ እኔ ግን እጄን ማየት አስጠልቶኛል። ስድስት ዓመት ሳታያት ኖርክ፤ ፊቷን ሰጥታኝ ነበር፣ አላደረስኩልህም። ይቅር በለኝ ለማለት እንኳ አፍ የለኝም።

ሳፊያን ሳምልኝ። ለሩስታም በትምህርቱ እንዲበረታ ንገርልኝ። ትንሿን መህርንጎርን ጉንጯን ሳምልኝ፤ አያቷን ብትጠይቅህ አንተ እንደምታስታውሳት አድርገህ ንገራት። ከዚህ ቤት ሰላም የምትልህ ከእንግዲህ እኔ ብቻ ነኝ።

እህትህ ፋርዞና
ኢስፋራ፣ ኦገስት 20 ቀን 2011