የዳገቱ ሰላምታ

ልጄ ማኅሌት፣ የአሸተን ማርያም ጥላ አይለይሽ። ከሁሉ በፊት ይህን ተረጂ፤ የልጅሽ ደረት ዳግም አይከፈትም።

ኢያቄም ወደ አሸተን ስንወጣ በየመታጠፊያው ቆሞ የካህናቱን ሁሉ መስቀል ይሳለማል፣ የሽማግሌዎቹን ጉልበት ይስማል። እኔም ባሳደግሁት ልጅ ኮራሁ። ስንመለስ ግን ቁልቁለቱን ማንንም ሳይሳለም እየሮጠ ይወርዳል። ሦስት እሑድ ተከታትዬ አረጋገጥሁ። ለካ ዳገቱ ላይ ትንፋሹን የሚሰበስበው በሰላምታ ኖሯል። አርባ ዓመት ልጆች ያስተማርሁ ሰው ይህን ዘግይቼ በማየቴ አዝኛለሁ።

ወስጄ ባስመረምረው፣ ሐኪሙ በፊተኛው ቀዶ ጥገና የተጠገነው ደም ሥር ተመልሶ ጠቧል አሉ። አሁን በጭኑ በኩል ቀጭን ቱቦ እስከ ልቡ አስገብተው፣ ጫፉ ላይ ባለች ፊኛ ያሰፉለታል። ኢያቄም "ታዲያ ያኔስ በዚህ አትገቡም ነበር?" ቢላቸው ሳቁ። እኔ ስለ አደጋው ጠየቅኋቸው። "ትንሽ አለው፣ እማማ፤ መተዉ ግን ይብሳል" አሉኝ።

የእኔ ፊርማ አይበቃም፤ የወላጅ ፈቃድ ይፈልጋሉ። ደረቱ የተከፈተ ጊዜ በስልክ ያለቀስሽው ለቅሶ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ፈርተሽ ዝም ብትዪ ይገባኛል፤ የእሱ ልብ ግን አይጠብቅም።

በሄድሽበት ሁሉ እጅሽን ይባርክልሽ። እባክሽ እስከ ዓርብ መልሽልኝ።

እናትሽ ባንችይርጋ