በግምገማው ቀን ያላነበብኩት

ውድ ጋሽ ዝናቡ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ደሴ ልጅዎ ቤት ከገቡ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው፤ አንድም ቀን አልደወልኩልዎትም። ቁጥርዎ ጠፍቶኝ አይደለም። አፍሬ ነው።

ያን ዓመት እርስዎ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ነበሩ፤ እኔ ደግሞ ገና የተመረጥኩ የምክር ቤት አባል። የመንገዱን፣ የትምህርት ቤቱን፣ የጤና ጣቢያውንና የውሃውን ሥራ አጣርቼ ለግምገማው ሪፖርት እንዳቀርብ የታዘዝኩት እኔ ነኝ። መንገዱ ደህና ነበር። ለትምህርት ቤቱም ሁለት ክፍል ተጨምሮለታል። ሁሉንም የዋጠው የውሃው ነገር ነው። የመሳቢያው ሞተር ከተቃጠለ ስምንት ወር ሆኖት፣ ቦኖዎቹ ደርቀው፣ ሰዉ ሁሉ ከአርዲቦ ሐይቅ በአህያ ይጭን ነበር። ጤና ጣቢያውም ውሃ በማጣቱ የማዋለጃ ክፍሉን ዘጋ። የእትዬ ሲቲ ምራት ምጥ ሲይዛት ወደ ሐይቅ ከተማ በቃሬዛ ይዘዋት ሄዱ። መንገድ ላይ ወለደች፤ ሕፃኑ አልተረፈም።

መረጃ ስሰበስብ የማዋለጃ ክፍሉ እንደገና ተከፍቶ አገኘሁት። አዋላጇን ሐቢባን «ውሃውን ከየት አመጣችሁት?» አልኳት።

«ጋሽ ዝናቡ ናቸው» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ሕፃኑ ከተቀበረ ማግስት ጀምሮ በየማለዳው በሁለት አህያ ጭነው ያመጣሉ፤ እኛ አክመን እንጠቀምበታለን። ለማንም እንዳትነግሪ ብለውኛል።»

ያን ጊዜ ውሃ የማይጭን ሰው ስላልነበረ ማንም ልብ አላለዎትም። ከጽሕፈት ቤቱ ፋይል ውስጥ ደግሞ ሞተሩ እንዲቀየር ወደ ላይ የጻፏቸውን አሥራ አንድ ደብዳቤዎች አገኘሁ። ለአንዱም መልስ አልመጣም። ይህን ሁሉ በሪፖርቴ የመጨረሻ ገጽ ላይ አሰፈርኩት።

በስብሰባው ጠዋት ከበላይ የመጡ አንድ ኃላፊ ሪፖርቱን ተቀብለው አገላበጡት። «እህቴ፣ ይሄ የቀበሌው ግምገማ ነው። የመጨረሻው ገጽ እኛን መክሰስ ነው። ገና አዲስ ነሽ፤ በዚህ አትጀምሪ» አሉኝ። ገጹን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

የቀረውን አነበብኩ። ውሃ፣ ደካማ። ጤና፣ ደካማ። እትዬ ሲቲ ከኋላ ተነሱ። «አንቱ ዝናቡ፣ ሞተሩን አስጠግናችሁ ቢሆን ልጁ ዛሬ ይድህ ነበር። አላህ ይፍረድ!»

አፈ ጉባኤው አቶ ምስጋናው መልስ እንዳለዎት ጠየቁ። እርስዎ ባርኔጣዎን አውልቀው ቆሙ። «ውሃ አልነበረም፤ እውነት ነው። ልጅ ለቀበረ ሰው የኔን ድካም ልቁጠርለት? ይቅር በሉኝ» ብለው ተቀመጡ። ከዚያ ዞር ብለው አዩኝ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። ያን ዕለት ከኃላፊነት ተነሱ፤ በወሩ አገሩን ለቀው ሄዱ።

ስለ አህዮቹ «እሳቸው ራሳቸው አትንገሪ ብለዋል» እያልኩ ራሴን ስሸነግል ኖርኩ። ደብዳቤዎቹን ግን እርስዎ ደብቂ አላሉኝም።

ባለፈው ሳምንት የዘንድሮው ግምገማ ነበር። ሞተሩ እርስዎ ከሄዱ በአምስተኛው ወር ተቀይሯል፤ ለውሃ «በጣም ጥሩ» ተሰጠና አዳራሹ ለአዲሱ ሊቀመንበር ለሙሐዲን አጨበጨበ። እሱ ግን ተነስቶ «ጭብጨባው የኔ አይደለም። ሞተሩ የተፈቀደው እኔ ከመመረጤ በፊት ነው፤ ማን ጠይቆ እንዳስፈቀደው አላውቅም» አለ።

እኔ አውቅ ነበር። ጋሼ፣ ተነሳሁና የእያንዳንዱን ደብዳቤ ቀን ተናገርኩ። የአህዮቹንም ነገር ተናገርኩ። ያን ቀን ያላነበብኩት ፈርቼ እንደሆነም ተናገርኩ።

እትዬ ሲቲ ወደ ሐቢባ ዞሩ። ምራታቸው ሕፃኑ በሞተ በዓመቱ፣ ቦኖው ገና ሳይከፈት፣ በዚያው በጤና ጣቢያው ማዋለጃ ክፍል ሴት ልጅ ተገላግላለች።

«ሐቢባ፣ ነጅዋ የታጠበችው በማን ውሃ ነው?»

«በሳቸው ነው፣ እትዬ። ሲሄዱ አህዮቹን ለጤና ጣቢያው ትተው ነው የሄዱት።»

እትዬ ሲቲ አጠገቤ ድረስ መጡ። ይጮሁብኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። «አንቺ ልጅ፣» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «ሁለት ዓመት ሙሉ በሰው ሐቅ ላይ አስተኛሽኝ።» ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር።

ምክር ቤቱ የያኔው ግምገማ ቃለ ጉባኤ እንዲታረም ወስኗል። ሦስት ሰዎች ድምፀ ተአቅቦ አድርገዋል፤ የቀሩት እጃቸውን አወጡ። ቅጂውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልዎታለሁ። ስምዎን ያጠራል፤ የኔን ዝምታ ግን አይሽርም። ስለዚህ «አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ» የምለውን በወረቀት አልልም።

ሐሙስ ጠዋት በመጀመሪያው መኪና እመጣለሁ። እትዬ ሲቲ ነጅዋን አዝለው አብረውኝ ይመጣሉ፤ ቅሩ ብላቸው አሻፈረኝ ብለዋል። ለኔ በሩን ባይከፍቱልኝ አልቀየምም። ለሳቸው ግን ይክፈቱላቸው።

የበደለችዎት፣
ኑርሀያት ሀምዳን