አጠገቧ ማን ይቀመጣል?

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 26 ቀን 1990

አለፈች! ሲስተሯ ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው «ይህችን ልጅ ማነው ያስተማራት?» አሉኝ። «እኔ ነኛ!» አልኩ። ሳልጮህ አልቀረሁም መሰለኝ፣ ባሌ ታምራት በክርኑ ጎሸም አደረገኝ። ይጎሽመኝ። ልጃችን ሰላማዊት ገና ሰባት ዓመቷ ነው፤ እስከ መቶ ቆጠረች፣ ሀሁን ከላይ እስከ ታች አነበነበችው፣ ሳይጠይቋት መዝሙር ልትጨምር ስትል ነው ሲስተሯ «ይበቃል የኔ ልጅ» ያሏት። ካቶሊኮቹ ትምህርት ቤት ለአንደኛ ክፍል የቀረው አንድ ቦታ ነበር። የእኛ ሆነ። መስከረም 4 ሄዶ ማስመዝገብ ብቻ ነው የቀረን።

ታምራት በዚያ ሁሉ ጭቃ ተሸክሟት መጣ። ከግብርና ቢሮ ፈቃድ ወስዶ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ በዝናብ የተሰለፈው እሱ ነው፣ ደስታው ይገባዋል። እናቴ ብቻ «ማተቧን ያስፈቷታል» ብላ አኮረፈች። ሲስተሯን ጠይቄያቸው «ማተቧን ማን ይነካባታል!» ብለው ስቀውብኛል። ለእናቴ ብነግራትም አልተዋጠላትም።

እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። እኔ የመንግሥት ትምህርት ቤት የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ነኝ። ከነገ ጀምሮ ቤት ለቤት እየዞርኩ «ልጆቻችሁን ወደኛ ላኩ» ልል ነው።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 27

ቀኑን ሙሉ ስዞር ዋልኩ። ጫማዬ ሁለቴ ጭቃ ውስጥ ቀርቶ ተመልሼ ነው ያወጣሁት። ወላጆች የሰጡኝ መልስ፦

ልጁ ጥጃ ይጠብቃል።

ዝናቡ ያባራና እናያለን።

እሷ ከሄደች ሕፃኑን ማን ያዝልልኝ?

በካፊኖኖ ከሆነ የምታስተምሩት እኔም አስተምራታለሁ፤ አማርኛውንና እንግሊዝኛውን ነው የፈለግነው።

ለመጨረሻው ሁልጊዜ የምሰጠው ጥሩ መልስ አለኝ። ልጅ አፉን በፈታበት ቋንቋ ሲማር ቶሎ ይገባዋል፣ በክፍሌም በዓይኔ አይቼዋለሁ። ዛሬም አልኩት። ቦርሳዬ ውስጥ ግን የካቶሊኮቹ ፎርም አለ። ራሴን ታዘብኩት።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 28

ዛሬ ከከተማው በታች፣ ጫካው ዳር፣ ማንጆዎቹ ሰፈር ሄድኩ። ሌሎቹ መምህራን «እነሱ ልጅ አይልኩም፣ አትድከሚ» ብለውኝ ነበር። አትድከሚ ሲሉኝ ነው የምሄደው።

እንጨትና ከሰል ይዘው ቦንጋ ገበያ ይመጣሉ። እንገዛቸዋለን። አብሯቸው የሚበላ ግን የለም፣ ቤቱ የሚያስገባቸውም የለም። እናቴ እንጨቱን ከደጅ ነው የምትቀበላቸው። ልጅ ሆኜ «ለምን?» ብዬ ጠይቄ አላውቅም። አድጌም አልጠየቅኩም።

አንዲት ሴት እንሰት ስትፍቅ አገኘሁ። ከበሩ ኋላ አንዲት ልጅ አጮልቃ ታየኛለች። ታደለች ነው ስሟ። የተከመረውን እንጨት ቁጠሪልኝ አልኳት፣ እስከ መጨረሻው አንድ ሳትስት ቆጠረችው፤ ማንም ሳያስተምራት! ደስ ብሎኝ ለእናትየዋ ስለ ትምህርት መስበክ ጀመርኩ። በትዕግሥት አዳመጠችኝና እንዲህ አለች፦ «ትልቋን ልኬ ነበር። አጠገቧ የሚቀመጥ ጠፍቶ መሬት ላይ ተቀመጠች። በሦስተኛው ቀን ቀረች። ይቺንስ ብልክ፣ አጠገቧ ማን ይቀመጣል?»

«የኔ ልጅ» አልኩ።

አፌ ቀደመኝ። ደግነት ነው እንዳልል፣ እዚህ ደብተር ላይ አልዋሽም። መልስ ማጣት አልወድም፣ ሌላ መልስ ደግሞ አልነበረኝም። ሴትየዋ መፋቂያዋን አስቀምጣ «የርስዎ ልጅ?» አለችኝ። «የኔ» አልኩ እንደገና።

ዓርብ፣ ነሐሴ 29

ለታምራት ነገርኩት። «ማንን ጠይቀሽ ነው ልጄን ቃል የገባሽባት?» አለ። እውነቱን ነው። ቆየት ብሎ ደግሞ «ማንጆ አጠገብ?» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። አፈርኩበት ልል ነበር፤ ግን ትናንት ስመለስ መንገድ ላይ እኔም ለራሴ ይህንኑ ብያለሁ።

ታደለችን እዚያው ካቶሊኮቹ ጋ እናስገባት አልኩት። «የመጨረሻውን ቦታ እኮ ነው ያገኘነው» አለ። እሱም ልክ ነው።

እናቴማ ግራ ገብቷታል። ሰላማዊት ካቶሊኮቹ ጋ እንዳትሄድ ትፈልጋለች፣ ታደለች አጠገብ እንድትቀመጥም አትፈልግም። «እንግዲህ አንቺው ቤት አስተምሪያታ!» አልኳት። በመጨረሻ «ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ስትናገሪ ማሰብ ነበረብሽ» ብላኝ ወደ ጓዳ ገባች።

ሰኞ፣ ጳጉሜን 2

ታምራት ሰማያዊ ሹራብ ገዝቶ መጣ፣ የካቶሊኮቹን የደንብ ልብስ። ሰላማዊት አላወልቅም ብላ እሱን ለብሳ ምሳዋን በላች።

ልጄ ካቶሊኮቹ ጋ መግባቷን ዳይሬክተራችን ጋሽ ወልዴም ሰምተዋል። ቦንጋ ውስጥ የማይሰማ የለም። አልተቆጡኝም። «መምህርት ጽጌ፣ ወጥ ሠሪዋ ያልቀመሰችውን ወጥ እንግዳ ይብላው?» ብለውኝ መነጽራቸውን መጥረግ ቀጠሉ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ከማንም በላይ ለፍቼ አስተምራለሁ፣ ይህን ጋሽ ወልዴም ያውቃሉ። ታዲያ ልጄን ከራሴ ክፍል ለምን አሸሻለሁ? የእኔ ክፍል ሰባ ልጅ ስላለበት፣ የእነሱ አርባ ስለሆነ። የእነሱ ቤተ መጻሕፍት ስላለው። መልሱ ይኸው ነው፣ መጥፎ መልስም አይደለም።

ሌላም ልጻፈው። የታደለች እናት ለምዝገባ ባትመጣ ብዬ ተመኝቻለሁ። ካልመጣች ቃሌም አብሮ ይቀራል። ሦስት ቀን ሙሉ ይህን ስመኝ ነበር።

ሰኞ፣ መስከረም 4 ቀን 1991

መጣች።

የእኛም ትምህርት ቤት ምዝገባ ዛሬ ነው፤ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከማንም በፊት። ግቢ አልገቡም፣ ከአጥሩ ውጭ መንገዱ ዳር ቆመዋል። የታደለች ፀጉር ቅቤ ተቀብቷል። ቀሚሷ የእህቷ መሆን አለበት፣ ቁርጭምጭሚቷን አልፎ ይጎተታል። ወጥቼ እጇን ይዤ አስገባኋትና የመዝገቡ መጀመሪያ ላይ ስሟን ጻፍኩ። እናትየዋ ወደ ግቢው የሚገቡትን ልጆች አንድ በአንድ ታያለች። የኔን ልጅ እየፈለገች ነው።

«መጣሁ» ብያት ወደ ቤት ሮጥኩ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚያ ጭቃ! ሰላማዊት ሹራቧን ለብሳ፣ ታምራት ጃንጥላውን ይዞ፣ ሊወጡ በር ላይ ደረስኩባቸው። ተንበርክኬ ለልጄ ሁሉንም ነገርኳት፦ ታደለችን፣ እህቷን፣ መሬት ላይ መቀመጧን፣ ሳልጠይቃት ቃል መግባቴን። እምቢ ብትል አባቷ ይዟት እንዲሄድ ቆርጬ ነበር።

ትንሽ አሰበች። «መስኮቱ ጋ ግን እኔ ነኝ የምቀመጠው» አለች።

ታምራት ጃንጥላውን ዘረጋ። «ቦታውን መልቀቃችንን ራሴ ሄጄ እነግራቸዋለሁ» አለ። «አንቺ ከሄድሽ ሌላ ነገር ቃል ገብተሽ ትመጫለሽ።»

ሰኞ፣ መስከረም 11

የመጀመሪያው የትምህርት ቀን። እጄ እስካሁን ጠመኔ ጠመኔ ይላል።

ዴስኩ ለሦስት ነው። ታደለችን ሳስቀምጣት ሁለቱ ልጆች ደብተራቸውን አንስተው ወደ ኋላ ሄዱ። ሰባት ዓመት ሳይሞላቸው ይህን ማን አስተማራቸው? ሰላማዊት ከበሩ ገብታ መሐል ላይ ቆመች። ወደ ኋላ የሄዱትን አየች፣ እኔን አየች። ምንም አላዘዝኳትም። ሄደችና «ነይ እለፊ» ብላ ታደለችን ወደ መስኮቱ አሳለፈቻት፤ ራሷ መሐል ተቀመጠች። ዞሬ ሰሌዳው ላይ ቀኑን ጻፍኩ፣ እንባዬን እንዳያዩብኝ።

በእረፍት ሰዓት ሁለት እናቶች ልጆቻችን ክፍል ይቀየርላቸው ብለው መጡ። ጋሽ ወልዴ «የመምህርቷ ልጅ የምትማርበት ክፍል ነው፣ ከዚህ የተሻለ ከየት ላምጣላችሁ?» አሏቸው። አንደኛዋ ተመለሰች። ሁለተኛዋ ነገ ባሏን ይዛ እንደምትመጣ ዝታ ሄደች። ትምጣ።

ማታ ራት ላይ ሰላማዊትን መስኮቱን ለምን እንደሰጠቻት ጠየቅኳት። «ከዚያ እኮ ጫካቸው ይታያል! የቤታቸውን ጭስ ስታይ እናቷ ቤት መሆኗን ታውቃለች» አለች፣ ይህም ጥያቄ መሆኑ እየገረማት። ታምራት ጉርሻውን ይዞ ቀረ። ከዚያ «ሹራቡን ነገም ትልበሰው፣ ሰማያዊ የካቶሊክ ብቻ ነው እንዴ?» አለ። እኔ ኮራሁ። በሁለቱም ኮራሁ፣ በራሴም ትንሽ።

ልትተኛ ስትል «እማዬ፣ ሦስተኛው ቦታ የማን ነው?» አለችኝ።

«አላውቅም» አልኳት፤ አላውቅማ።

«እንግዲያው ሰው እስኪመጣ ደብተሬን አስቀምጥበታለሁ» አለችና ተኛች።