ጉንድሿ

እሑድ፣ ኅዳር 13 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ አቃቂ

ዛሬ አፌ ጉድ ሠራኝ።

ድሮ እዚህ ባቡር ጣቢያ ይሠራ የነበረው ፈረንሳዊው ሙሴ፣ ማላጋ ከምትባል የእስፔን የወደብ ከተማ ፖስት ካርድ ልኮልኛል። ፎቶው ላይ ጥንታዊ ካቴድራል አለ። አንዱ የደወል ግንቧ ሽቅብ ወጥቷል፤ ሌላው ሳያልቅ እንደተቆረጠ ቀርቷል።

የሐዲድ ማቋረጫው ዘበኛ ጋሽ ተክሌ «እስቲ አንብብልኝ» አሉኝ። ዲያቆን ነበሩ። ፉርጎ ሲቀጥሉ ቀኝ እጃቸውን ካጡ ወዲህ መቅደስ ገብቶ ማገልገል ቀረባቸው። ትናንት ለሚካኤል እንኳ ከቅጽሩ ውጭ ቆመው ነው ያስቀደሱት። ማንም ውጭ ቁሙ አላላቸውም።

እየተረጎምኩ «የአገሩ ሰው ጉንድሿ ይላታል» አልኩ። የደነገጥኩት ቃሉ ካፌ ከወጣ በኋላ ነው። የሰፈሩ ልጆች እጀ ቆራጣ ለማለት እሳቸውን የሚሰድቡበት ቃል ነው።

ይቅርታ ልጠይቃቸው ስል ካርዱን በግራ እጃቸው ተቀብለውኝ የተቆረጠውን ግንብ አተኩረው አዩት።

«እንዲህ ከሆነች ስንት ዘመኗ ነው?»

«ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላት ነው ይላል።»

«ይቀደስባታል?»

«አዎ ጋሼ፣ እስከ ዛሬ ይቀደስባታል።»

ከቢሾፍቱ የሚመጣው ባቡር ሲጮህ ነው የተነሡት። ባዶውን የኮታቸውን እጅጌ አጥፎ የያዘውን መርፌ ቁልፍ በጥርሳቸው ፈቱና ካርዱን እዚያ ውስጥ ከተቱት። መልሰው ሊቆልፉት ሲታገሉ ላግዛቸው እጄን ዘረጋሁ።

ከዚያ ግን እጄን ሰበሰብኩት።