ሮዌናን ወስዳችሁ መቆለፊያውን ስለረሳችሁት

ለክቡር ሚስተር አሊስተር ግሪምሾ፣
የሆስፒታላችን ዋና ዳይሬክተር፤

ክቡርነትዎ እንደምን ከርመዋል? ጤናዎ፣ ሻይዎ፣ የቢሮዎ በር መቆለፊያ ሁሉ ደህና ነው? እኛ በሴቶች የአእምሮ ሕክምና ክፍል ተኝተን የምንታከም፣ ከመቆለፊያው በቀር፣ ደህና ነን።

1. የሻወራችን በር መቆለፊያ ከተሰበረ ዘጠኝ ወር ሆነው። ነርሶቹ በየሩብ ሰዓቱ በሕይወት መኖራችንን እያዩ ወረቀት ላይ ምልክት ስለሚያደርጉ፣ ራቁቴን ሳሙና ዓይኔን እያቃጠለኝ እንኳ መኖሬ ተመዝግቦልኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ። ወደ ወንዶቹ ክፍል የሚያሻግረው በር ደግሞ የሻይ ጋሪው እንዲያልፍ በወንበር ተይዞ ተከፍቶ ስለሚውል፣ በመጋቢት አንድ ሰውዬ እየታጠብኩ ሳለ ገባብኝ።

2. ሮዌና ሲወለዱ ወንድ ተብለው ሴት ሆነው ከሚኖሩት አንዷ ናት። እውነቱን ልናገርና፣ ክፍላችን ልትታከም ስትመጣ ፈርቻት ነበር፤ ለነርሷም ነግሬያለሁ፤ ሁለተኛ የጠየቀኝ ግን የለም። ሰውዬው የገባብኝ ዕለት ያንኑ ወንበር ጎትታ ሻወሩ ደጃፍ ተቀመጠችና፣ መርፌ ስለማይፈቀድልን በጣቶቿ ሹራብ እየሠራች፣ «ግቢ እህቴ፤ እኔ እያለሁ ዝንብም አታልፍ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ስድስት ሴቶች በሰላም ታጥበናል።

3. ስለ መቆለፊያው አቤት ብንል፣ ባለ ሦስት ገጽ መልስዎ ደረሰን፦ «ለሴቶች ደህንነት ሲባል» ሮዌና ወደ ጠያቂዎች ማረፊያ ክፍል ተዛውራለች። መቆለፊያ የሚል ቃል ግን ፈልጌ አጣሁ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው! የምትፈራ ሴት ካለች እሷም ክብር ይገባታል፤ ግን እኮ ማንንም አልጠየቃችሁም። እኔም እሷ ከተወሰደች ወዲህ ይኸው አሥራ አንድ ቀን ውሃ አልነካኝም።

ለዚህ ሁሉ ጥበቃዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም፤ በሚታጠቡበት ሁሉ በርዎ ይቆለፍልዎ።

በደረቀ ፎጣ፣ ባልታጠበ ጸጉርና በታላቅ አክብሮት፣
ዶሪን ሃተርስሊ፣ አልጋ ቁጥር አራት፣ ዮርክሻየር

ማሳሰቢያ፦ ሮዌናን ያስገቧት ክፍል ሻወር የለውም። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ለአሥር ደቂቃ ብቻ ወደ እኛው ሻወር ያመጧታል፤ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ የምጠብቃት አሁን እኔ ነኝ። ማክሰኞ ጠዋት ሐኪም ዘንድ ስለምቀርብ የሚተካኝ የለም። ክቡርነትዎ ለደህንነታችን ይህን ያህል ከተጨነቁ፣ ወንበሩ ባዶ ነው፤ ሹራቡን ሮዌና ታስተምርዎታለች።